ዘይት ሊፈስበት የነበረው ኩሬ

ባለፈው ሳምንት መቐለ፣ ሓወልቲ ሰፈር ላይ ዝናብ ያዘኝ። ጥላ አልያዝኩም ነበር። በሐምሌ ያለ ጥላ ከቤት የሚወጣ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ጡረተኛ፤ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ፣ የመጀመሪያዋን ጎረቤት ይፍረድ። ሮጥ ሮጥ ብዬ አንድ ጫማ ቤት ደጃፍ ተጠለልኩ። ከበሩ ጎን አዲስ የገቡ የላስቲክ ቦት ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ሮዝ አለ፣ ቢጫ አለ፣ አበባ የተሳለበት አለ። የአዲስ ላስቲክ ሽታቸው አፍንጫዬን ሲያገኘው ልቤ ድንግጥ አለ። "አደይ፣ ቁጥር ስንት ልስጥዎት?" አለችኝ ሻጯ። ዋጋውን ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። "ተወደደብዎት?" "የለም ልጄ፣ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።" ልጅቷ ቦት ጫማ አይታ አባቷን የምታስታውስ ሴት ገጥማት አታውቅም መሰለኝ፣ በርጩማ ሳበችልኝ። አላህ ይስጣት፣ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ቁጭ ብዬ ከራሴ ጋር ብዙ አወራሁ።

የመጀመሪያውን ቦት ጫማዬን የገዛልኝ አባቴ ነው፤ ጥቁር፣ ለወንድ የተሠራ፣ እግሬን የሚውጥ። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ ነበር የማደርገው። ጨርቅ ደግሞ በቤታችን ሞልቶ ነበር፤ አባቴ ሰይድ ከወሎ አቡጀዲ ተሸክሞ መጥቶ፣ "ለአንድ ክረምት ብቻ" ብሎ መቐለ የቀረ ነጋዴ ነው። ያ አንድ ክረምት አላልቅ ብሎ እኛን ወለደ። በቤት አማርኛ፣ በደጅ ትግርኛ እየተናገርን አደግን። ሱቃችን ገበያው ጠርዝ ላይ ነበረች፤ ፊት ለፊቷ ሻይ ቤት፣ ከጎኗ የጋሪ ማቆሚያ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ስሙኒም ስሙኒ ነበረች፣ ሻይም ሻይ ነበር። ጎረምሶቹ ታች የሰፋውን ሱሪ ጥለው ጠበብ ያለውን የያዙበት፣ ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ሸሚዝ የሚለብሱበት ዘመን ነው። የሻይ ቤቱ ቴፕ ያለችው አንዲት ካሴት ብቻ ነበረች፤ ክሯ ሲጠላለፍ ባለቤቱ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ያንኑ የፍቅር ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ያስደምጠናል። ዛሬም ያ ዘፈን መሃሉ ላይ ሳይቆራረጥ ደህና ሆኖ ሲሰማ ልክ አይመስለኝም። የጋሪ ፈረሶቹ በየስማቸው ይጠሩ ነበር፣ ባለቤቶቻቸውን ግን "አንተ ባለጋሪ" ነበር የምንላቸው። አሁን በዚያ ጠርዝ ባጃጅ ሲተራመስ ሳይ የፈረሶቹ ስም አንድ በአንድ ይመጣብኛል።

የኮሌጅ መምህሬ ገብረመድህን ይባሉ ነበር። ከብርድ አገር ተምረው የመጡ፣ የመቐለን ፀሐይ በካፖርት የሚጋፈጡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ኒውት ነገሩን። ኒውት የእንቁራሪት ዘመድ ናት፤ ለሚያያት ግን ውሃ ውስጥ የገባች እንሽላሊት ትመስላለች፣ ጅራት አላት። በእኛ አገር ስለሌለች ስምም አላወጣንላትም። እሳቸው በተማሩበት አገር ግን እሷ የምትራባበትን ኩሬ ያለ ፈቃድ የነካ ይከሰሳል፣ ለእሷ ሲባል መንገድ ዞሮ ይሠራል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። "መምህር፣ ታዲያ ግብር የምትከፍለውም እሷ ናት?" አለ አንዱ ከኋላ። መምህርም አብረው ሳቁና "እኔም መጀመሪያ እንዳንተው ስቄ ነበር" አሉት። "በኋላ ባትሪ ይዤ ኩሬ ዳር ተንበርክኬ ስቆጥራት ግን ሳቁ ተወኝ። ቅጠሉን በእግሯ አጥፋ፣ እንቁላሏን አንድ በአንድ እየጠቀለለች ስታስቀምጥ አየኋት። እናት ናት በቃ።" ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረው "የእኛዎቹን እንቁራሪቶችስ ማን ቆጥሯቸው ያውቃል?" አሉ። "እሺ፣ ማን አብሮኝ ይወጣል?" ወንዶቹ ጣራ ጣራውን ሲያዩ እኔ እጄን አወጣሁ። የዕውቀት ፍቅር አንገብግቦኝ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ሱቅ ቆሞ ጨርቅ መለካት ሰልችቶኝ ነው።

ነገሩ እቤት ሲሰማ እናቴ ደረቷን ደቃች። "ሴት ልጅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከወንድ መምህር ጋር፣ እንቁራሪት ፍለጋ! ያ ረቢ፣ ይህ ለማን ይነገራል?" አባቴ ግን በማግስቱ ሽርጡን ለውጦ፣ ኮቱን ደርቦ፣ የኮሌጁ በር ላይ መምህርን ጠበቃቸው። እኔ ከአጥሩ ኋላ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ነበር።

"መምህር፣ ልጄን የት ሊወስዷት ነው?"

"ኩሬ ዳር፣ አቦይ ሰይድ።"

"ምን ልትሠራ?"

"እንቁራሪት ልትሰማ።"

አባቴ ትንሽ አሰበ። "በአገሬ ሼኾቹ እንቁራሪት አይገደልም ይሉናል። ጩኸቱ ተስቢሕ ነው፣ ጌታውን ማወደሻው ነው ይላሉ። ልጄ ተስቢሕ ልስማ ካለች ምን ብዬ እከለክላታለሁ?" አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ "ግን እኔም መስማት እወዳለሁ" ሲል ጨመረበት። በዚሁ ተስማሙ። ያን ጥቁር ቦት ጫማ ገዛልኝና ክረምቱን በሙሉ ሱቁን ቀደም ብሎ እየዘጋ፣ ጋሪ እየያዘልን፣ ኩሬው ድረስ አብሮን ወጣ። መግሪብን እዚያው ድንጋይ አጠገብ ይሰግድና መቁጠሪያውን፣ ሙስበሓውን ይዞ ይቀመጣል፤ እሱ ዚክሩን ይቆጥራል፣ እኛ እንቁራሪት እንቆጥራለን። እናቴ "ልጅቷን ጠብቅ ብዬ ብልክህ አንተም አብረህ አበድክ" ትለው ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። አንድ ነጋዴ ገበያተኛ በሚበዛበት ሰዓት ሱቁን መዝጋቱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ እኔም ወልጄ ልጅና ሥራ ሲሻሙኝ ነው።

ኩሬው ወደ ቃላሚኖ ሲወጣ ከመንገዱ ታች ነበር። ከተማው ያኔ ከገበያው ወጣ ሲሉ ያልቅ ነበር፤ ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለበት እንኳ ነፋስ የሚሮጥበት ሜዳ ነበር። ኩሬው በበጋ ጭቃ፣ በክረምት ሰማይ የሚታይበት ውሃ ይሆናል፣ ዙሪያውን ቄጠማ ይከበዋል። መምህር በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ ትልቅ ሳይንስ እጅ መታጠብ ነው። "በውሃ ብቻ። ሳሙና የለም፣ ሽቶ የለም፣ የፀጉር ቅባት የነካው እጅ የለም። እንቁራሪት በቆዳዋም ትተነፍሳለች፤ እጅሽ ላይ ያለው ሁሉ እሷ ውስጥ ይገባል።" እኔም ኩሬ በምወርድበት ቀን ፀጉሬን መቀባት ተውኩ፣ እናቴም አዲስ የምትበሳጭበት ነገር አገኘች። ሁለተኛው ትምህርት መቆም ነበር። "ስትደርሺ ዝም ይላሉ። ዝም ስላሉ የሉም አትበዪ። እንግዳዋ አንቺ ነሽ፤ እስኪለምዱሽ ቁሚ።" ቆምኩ። እኔ፣ አንድ ቦታ መቆም የማልችለው፣ ትንኝ ፊቴን እየበላኝ ቆምኩ። ከዚያ አንዱ ይጀምራል፣ ድንጋይ በድንጋይ እንደ መምታት ያለ፤ ሌላው ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ኩሬው በሙሉ ይንጫጫል። በድምፃቸው መለየት ቻልኩ። ሥራዬ ይህ እንደሚሆን ያወቅኩት ያኔ ነው፣ ደስታው ልቤን ሞላው።

ሦስተኛው ትምህርት እንቁላል መፈለግ ነበር። "እዚያ ቅጠል እያገላበጥን ነበር የኒውቷን እንቁላል የምንፈልገው። የእኛዎቹ አይጠቀልሉም፣ ግን ቄጠማውን ከግንዱ በኩል ግለጪና እዪ" አሉኝ። ገለጥ ሳደርገው አየሁት፤ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ የሚዝለገለግ ነገር፣ ውስጡ ጥቁር ጥቁር ፍሬ። ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ፣ ግን ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም። ከቀናት በኋላ ያ ጥቁር ፍሬ ጅራት አውጥቶ ሲላወስ ሳይ አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። "አጂብ!" አለ ጎንበስ ብሎ። "ሱብሓን አላህ!"

ከኩሬው በላይ የአደይ ለተብርሃን ቤት ነበር። አደይ ለተብርሃን ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ማዶ የሚሰማ ባልቴት ናቸው። መጀመሪያ ወርቅ የምንፈልግ መስሏቸው ነበር። ወርቁ እንቁራሪት መሆኑን ሲሰሙ በሳቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ጓል እንቁርዖብ መጺኣ!" ብለው ለሰፈሩ ያውጃሉ፤ የእንቁራሪት ልጅ መጣች ማለታቸው ነው። ስሜ ዘሃራ መሆኑን የሚያስታውስ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ግን አንድም ቀን አባቴን በባዶ አላሰናበቱትም፤ እሸት በቆሎም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን በእጁ ያስይዙታል። የእሳቸው ነገር እንዲህ ነው፤ ደጃቸውን የረገጠ ሁሉ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ የእግዜር ነው።

መከራው የመጣው ክረምቱ ሳይጋመስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም ወባ በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው አልጋ ላይ አውሎ ነበር፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ዘመቻ ታወጀ። ያቆረ ውሃ ሁሉ ይዳፈናል፣ የማይዳፈነው ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይፈስበታል። ዘይቱ ውሃውን ይሸፍነዋል፣ የትንኟም እጭ አየር አጥቶ ይሞታል። እጩ ብቻ ግን አይደለም፤ እንቁላሉም፣ ጅራታሞቹም፣ ሁሉም ያልቃል። ኃላፊው አቶ ኪሮስ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ቁጡ ሰው ነበሩ። ኩሬው ዳር መጥተው በርሜሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ሲያሳዩ መምህር "እባክዎ ይህን ኩሬ ተዉልን" አሏቸው።

"መምህር፣ ያለፈው መስከረም የእህቴን ልጅ በወባ ቀብሬአለሁ" አሉ አቶ ኪሮስ። "እስቲ ይንገሩኝ፣ ልጅ ይበልጣል ወይስ እንቁራሪት?"

"ልጅ ይበልጣል" አሉ መምህር ሳያመነቱ። "ስለዚህ ትንኟ የምትፈለፈልበትን ቦታ በትክክል እንፈልግ።"

ከዚያ የእናቴን ነጭ የሸክላ ቅብ ጭልፋ ከእጄ ተቀበሉ። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ጎረቤት የሰረቃት ይመስላት ነበር፣ አላህ ይዘንላት። መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጎማ የቆፈረውን ጉድጓድ ውሃ ጨለፉበት፤ ጭልፋው ውስጥ የትንኝ እጭ እየተወናጨፈ ይተራመሳል። ከኩሬው ጨለፉ፤ ጅራታሞቹና የውሃ ጥንዚዛ ይሯሯጣሉ፣ እጭ ግን ፈልገን እንኳ ያገኘነው ጥቂት ነው። አቶ ኪሮስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ደግመው አዩ። "ጉድጓዶቹን ነገ እናዳፍናለን" አሉ። "የኩሬውን ነገር ግን ብቻዬን አልወስንም። የዘመቻው ኮሚቴ መጥቶ በዓይኑ ይይ። ነፍስ ያለበት፣ ትንኝ የሚበላ ያለበት ውሃ ከሆነ ይተርፋል። ዝም ብሎ የቆመ ውሃ ከሆነ በርሜሉ ይመጣል።" በጋሪ ተመለስን። ሰፈር ስንደርስ መምህር "ዘሃራ፣ ሌሎቹን ኩሬዎች ዞረሽ አይተሻቸዋል፤ ተደፍነው አልቀዋል። ይህ ከሄደ እዚህ አካባቢ የምንቆጥረው የለንም" አሉኝ። አባቴ ጉልበቴን ቸብ አደረገኝና "አብሽሪ" አለኝ፤ ፊቱ ግን አላበሸረም ነበር።

እንግዲህ መምህር በጨዋነታቸው አንድ ነገር አደረጉ። ኮሚቴው የሚመጣበትን ቀን ለአደይ ለተብርሃን ነገሯቸው፤ በደጃቸው ትልልቅ ሰዎች ሲያልፉ ድንገት እንዳይሆንባቸው ብለው። ማንም ሰው ቢሆን ይህን ያደርጋል። ማንም ሴት ብትሆን ደግሞ አደይ ለተብርሃን ያደረጉትን ታደርጋለች።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ኪሮስና የኮሚቴው ሰዎች፣ መምህር፣ እኔና አባቴ ወረድን። ኩሬውን አየሁት። ዙሪያው እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። አንድ የቄጠማ ዘለላ የለም። ውሃው በመንሽ ተጎትቶ፣ አረንጓዴው ሁሉ ወጥቶ፣ ዳር ላይ ተቆልሏል፤ የቀረው ጭቃ ውሃ ነው። አደይ ለተብርሃን ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸው እየበራ ተቀበሉን። "ጓለይ፣ አየሽው? ለትልቅ እንግዳ ያ ሁሉ ቆሻሻ ይታያል እንዴ? ከጧት ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወጥተን አጸዳነው!" መምህር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኮሚቴው ቆመ። እኛም ቆምን። አንድም ድምፅ የለም፣ አንድም የሚላወስ የለም። አቶ ኪሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲህ መምህር፣ ያየነው የቆመ ውሃ ነው" አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያዘኑ እንኳ መሰለኝ። "በርሜሉ ሰኞ ይመጣል።"

ልመና ልጀምር ስል አደይ ለተብርሃን "እንግዳ ሳይቀምስ አይመለስም!" ብለው ሁላችንንም እየነዱ ቤት አስገቡን። ቤቱ ውስጥ ያ የቆረጡት ቄጠማ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጎዝጉዟል፤ ገና እርጥብ ነው፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንዲበላ አስበው ሽሮና ድንች ብቻ ሠርተዋል። ለሌላው ስዋው፣ የትግራይ ጠላ፣ ሲቀዳ፣ ለእኔና ለአባቴ ተልባ በጥብጠው አቀረቡ። እንዲህ ያሉ ሴት ላይ እንዴት ይቆጣሉ? ሁሉም በላ። የተልባ ብርጭቆዬን መሬት አስቀምጬ እጄን ቄጠማው ላይ ሳሳርፍ አንድ የሚያሟልጭ ነገር ነካኝ። ወይ ጉድ፣ የሰው ተልባ ደፋሁ ብዬ ደንግጬ ብርጭቆዬን አየሁ። ሙሉ ነው። የነካኝን ቄጠማ ወደ በሩ ብርሃን አቀናሁት። ከግንዱ ላይ የተጣበቀ ዝልግልግ ነገር፣ ውስጡ ጥቁር ጥቁር ፍሬ።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" ብዬ ጮህኩ።

እኔ፣ የሰይድ ልጅ፣ በሽማግሌዎች ፊት ቀና ብዬ የማላወራው። ብዙዎቹ ስላልገባቸው በትግርኛም ደገምኩት፦ "እግርኹም ኣልዕሉ!" ኮሚቴው እባብ የገባ መስሎት እግሩን ወደ ላይ ሰቀለ። አንድ ሽማግሌ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ሁለት እግራቸውን አንስተው ደርቀው ቀሩ። መምህር ግን አንዴ ፊቴን አይተው ገባቸውና መሬት ላይ ተንበረከኩ። ቄጠማውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "አለ" አሉ። "አቶ ኪሮስ፣ ይምጡ ይዩ። እዚህም አለ። እግርዎ ሥርም አለ።" አቶ ኪሮስ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ወንበራቸውን ሳይነኩ ቀስ ብለው ወርደው ተንበረከኩ። ረጅም ጊዜ አዩ። አንዷ ጥቁር ፍሬ ውስጧ ተላወሰች። "በሕይወት ነው" አሉ በሹክሹክታ።

አደይ ለተብርሃን ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "ዋይ ኣነ! ሓራስ ቤት ገብቼ ነው! የአራስ አልጋ ነው ጎትቼ ያነጠፍኩት!" ብለው አለቀሱ። "አደይ፣ ይተርፋል፣ ኣጆኽን፣ አይዞዎት፣ ቶሎ እንመልሰው" አልኳቸው። ሁሉም ሊያነሳ ሲንደረደር መምህር "በበርበሬ እጅ አይነካም!" ብለው አቆሙት። ልጃገረዶቹ ማስታጠቢያና ሳሙና ይዘው መጡ፤ ሳሙናውን መለስኩት። ኮሚቴው በሙሉ ተሰልፎ በባዶ ውሃ ደጋግሞ ታጠበ፤ አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን አሽትተው "አሁንም ሽሮ ይሸታል፣ ድገሚኝ" ይሏታል። ከዚያ ያ ሁሉ የተከበረ ሰው በጉልበቱ እየሄደ የቤቱን ወለል ለቀመ። እንቁላል ያለበትን ቄጠማ ውሃ ባለበት ትሪና ሳህን ላይ እያጋደምን ቁልቁል ወረድን። አባቴ ትሪውን እንደ አቡጀዲ ጥቅል ትከሻው ላይ ይዞ ጠብ ሳያደርግ አደረሰው። አቶ ኪሮስ ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ እኛ እያቀበልናቸው ቄጠማውን በጠጠር እየደገፉ መልሰው አቆሙት። ሴቶቹ ዳር ከተቆለለው አረንጓዴ ውስጥ የሚላወሱ ጅራታሞችን በጣሳ እየለቀሙ ይመልሳሉ። ሁሉም ተረፈ አልልም። ብዙው ተረፈ።

ፀሐይዋ ጠለቀች። አባቴ መግሪብን ሊሰግድ ወደ ድንጋዩ ሄደ። "አሁን እንቁም" አሉ መምህር። ቆምን፤ ጭቃ በጭቃ የሆነው ኮሚቴ፣ ሴቶቹ፣ ሁላችን። ማንም አልሳለም። ከማዶ በኩል፣ ቄጠማው ካልነበረበት ድንጋይ ሥር፣ አንዱ ጀመረ። ቆየት ብሎ ሌላው መለሰለት። ከዚያ ከየሄዱበት ተጠራርተው ኩሬውን አናጉት። አደይ ለተብርሃን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "ይቅር ብለውናል" አሉ። አቶ ኪሮስ እግራቸው ከነጭቃው፣ ጫማቸው በእጃቸው፣ ለረጅም ጊዜ አደመጡ። በመጨረሻ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው "በርሜሉ ላልተዳፈኑት የመኪና ጉድጓዶች ያስፈልጋል፣ ወደዚያ ይሂድ" አሉት። ይኸው ነው። መምህር ወደ ጨለማው ዞር ብለው ካፖርታቸው ውስጥ መሐረብ ሲፈልጉ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ ኩሬ ቆጠርኩ። ብዙ ኩሬ አዳንኩ ብዬ አልኮራም፤ ያጣሁት ይበልጣል። መንገድ መጣ፣ ቤት መጣ፣ ድርቅ መጣ፣ ስሙን መጥራት የማልፈልገው ያ ክፉ ጊዜም መጣ፤ ሰው ለራሱ ባልሆነበት ጊዜ ስለ እንቁራሪት ማውራት ያሳፍር ነበር። ቢሆንም ከቤት መውጣት በማይቻልበት በዚያ ክረምት፣ አንድ ምሽት ከሰፈሩ ጎርፍ መውረጃ ማዶ ድምፃቸውን ሰምቼ አልቅሻለሁ፣ በሐዘን አይደለም። መምህር ሄደዋል። አባቴም ሄዷል። አደይ ለተብርሃንም፣ አቶ ኪሮስም። ለሁሉም ባለዕዳ ነኝ፤ ለአንዱም ዕዳውን አልከፈልኩም። ሱቁን ለዘጋልኝ፣ ዝም ብሎ መቆምን ላስተማሩኝ፣ የቀበሩት ልጅ ሐዘን ሳይወጣላቸው ጫማቸውን አውልቀው ጭቃ ለገቡልኝ፣ አንድ ቃል "አመሰግናለሁ" ያልኳቸው አይመስለኝም። ወጣትነት አፉ ሰፊ ነው፣ ለምስጋና ሲሆን ግን ይዘጋል።

ዘንድሮ በሰኔ መጨረሻ ጎረቤቴ ለዘመዷ ልጅ ክርስትና አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ባጃጁ ወደ ቃላሚኖ ታጥፎ ቁልቁል ሲወርድ ነው የት እንዳለሁ ያወቅኩት። የአደይ ለተብርሃን ቤት የነበረበት ላይ ፎቅ ቆሟል፤ አጥር በአጥር ላይ ተደራርቦ ታች ምን እንዳለ አይታይም። የገባንበት ቤት የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ነው። ባለቤቷ ገና ወጣት ናት፣ ሕፃኑን ታቅፋ ወንበር አቀረበችልኝ። ወለሉን ሳየው ሲሚንቶው ባዶውን ነው። እሷም አየችኝና ፊቷ ቀላ።

"አደይ፣ እንዳይቀየሙን" አለችኝ። "ድግስ ሆኖ ቄጠማ አለመጎዝጎዝ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በጋብቻ ነው የመጣሁት፣ የአገሬ ልማድም አይደለም። እዚህ ሰፈር ግን በክረምት ቄጠማ አይቆረጥም።"

"ለምን?" አልኳት።

"እኔም እንደ መጣሁ ጠይቄ ነበር። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። 'እስከ መስከረም ውሃው ሓራስ ነው' ይላሉ፣ በቃ። የጥንት ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው አሉኝ።"

አፌን ከፈትኩ፣ ልነግራት። ከዚያ ተውኩት። የጥንት ነው ካሉ የጥንት ይሁን፤ እኔን ከሚያስታውሱ ልማዱን ቢያስታውሱ ይሻላል። ዓይኔን አሻሸሁና "ደግ ልማድ ነው ልጄ፣ አትተዉት" አልኳት። እሷም እፎይ ብላ ሕፃኑን አሳቀፈችኝ፣ እኔም እግሬን ባዶው ሲሚንቶ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ።